በውዳሴ መሀል አቤቱታ፦ የወሎ መንዙማ

ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት መርሳን ያቋርጣል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በዚሁ ወረዳ ደግሞ ዳና አለ፤ ደረሳው ኪታብ የሚቀራበት፣ መውሊድ የሚደምቅበት፣ እንደ ሸህ አህመድ ያሉ ዓሊሞች አገር። መንዙማን ማወቅ የሚሻ ሰው ከካሴት ይልቅ በእንዲህ ያለ ቦታ ከሚደረግ ሐድራ፣ ማለትም ከውዳሴና ከዱዓ ጉባኤ፣ ቢጀምር ይሻለዋል።

መንዙማ አስቀድሞ ውዳሴ ነው። አላህ ይመሰገናል፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ይወርዳል፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው በድቤና በጭብጨባ ይቀበላል። ቋንቋው አማርኛ ሆኖ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ አጀሚ ይባላል። እሮሮው የሚገባው ምስጋናው ካሟሟቀ በኋላ ነው። ገጣሚው ግፈኛውን በስሙ አይጠራውም፤ መንጋው እረኛ አጣ ብሎ ወደ ላይ አቤት ይላል። ዱዓ ነውና ማን ይከሰዋል? እረኛው ማን እንደሆነ ተቀባዩ አይጠፋውም።

ስልቱን ያሳለው ዘመኑ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተቀበል ብለው አስገደዱት። ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዚያ ጊዜ ተዋጊም ነበሩ፣ የአጀሚ መንዙማ ገጣሚም።

ሰምና ወርቁ እንዴት እንደሚሠራ እኔው ባበጀሁት ምሳሌ ላሳይ። ዘካውን ሲበላ የኖረ ባለጸጋ ሞቶ «ጌታው ሳይማሩ ሞቱ» ቢባል፣ ሰሙ ኪታብ ሳይቀሩ ነው፤ ወርቁ ምሕረት ሳያገኙ። ልጆቹ ቢሰሙ እንኳ «እውነት ነው፣ አባታችን አልቀሩም» ከማለት ሌላ ምን ይላሉ?

ከሀብሩ ጋር በአንድ ዞን፣ በደጋው ወገን፣ በቅኔ ስሟ የገነነው ዋድላ ይህንኑ በግዕዝ ትሠራዋለች፤ ባለቅኔው ጌታውን በማኅሌት መካከል፣ ፊት ለፊት ይወጋዋል። ሁለቱን ጥበቦች የሃይማኖት ድንበር እያሰመሩ ለየብቻ ማጥናት ለእኔ ስንፍና ይመስለኛል።

መንዙማ የራሱንም ወገን አይምርም። ዱንያ አባብላ የምትከዳ ሴት ሆና ትሣላለች፤ ወቀሳው ግን ለእሷ ሳይሆን ለሆዱ ለቀራው ዓሊም ነው።

ቤታችሁ የአጀሚ ወረቀት ካለ አትጣሉት። ማንበብ ለሚችል ሽማግሌ አሳዩት፤ ሲያነበውም በስልካችሁ ቅረጹት።