ታላቁ ልጅ ከማን ጋር ይቆያል? ሕፃናት ባሉበት ቤት ስለሚያልፍ እርግዝና



ስለ እርግዝና ስናስተምር ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የምትመጣው ብቻዋን የቆመች አንዲት ነፍሰ ጡር ናት። የደም ግፊቷን ለክተን፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብሏን ሰጥተን እናሰናብታታለን። ቤቷ ስትደርስ ግን በር ላይ የሚጠብቃት አለ፤ ጡት ያልጣለ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤት ያልገባች የአራት ዓመት ልጅ። ዛሬ የማነሣው ይህንን ቤት ነው። አንዲት እናት በእርግዝናዋ ወራት ምን ያህል እንደምታርፍና ወደ ጤና ተቋም በጊዜ መድረስ አለመድረሷን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ ታላላቆቹን ልጆች የሚይዝላት ሰው መኖሩ እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በሀገራችን የመውለጃ ወር ሲቃረብ የቤት ሥራ አይቀንስም፤ ይጨምራል። ለአራስ ቤት ገንፎ እህሉ ይሰናዳል፣ ይፈጫል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ በርበሬው ተቀንጥሶ ይወቀጣል። እንግዳ መምጣቱ አይቀርምና ግድግዳው ይመረጋል ወይም ቀለም ይቀባል። ይህን ሁሉ ከንቱ ድካም አድርገው የሚመለከቱ የሙያ ባልንጀሮች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም። በአራስነቷ ሳምንታት እንደልቧ እንደማትንቀሳቀስ የምታውቅ ሴት ቤቷን አስቀድማ ማደራጀቷ ብልኅነት ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሥጋታችን ከአደጋው ጋር ብዙ ጊዜ አይመጣጠንም።

አንዳንድ እናቶች ልጃቸውን ባነሡ ቁጥር ጽንሱ የሚጎዳ እየመሰላቸው ይጨነቃሉ። እርግዝናው ጤናማ እስከሆነ ድረስ፣ ጉልበትን አጥፎ ልጅን በየመካከሉ ማንሣት የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ በየቀኑ ረጅም መንገድ መመላለስ ነው። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር በጠባብ ማድ ቤት የሚታጠነው ጢስም እንዲሁ። ጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእናቲቱ ደም ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ ኦክስጅን እንዳይደርሰውም ያደርጋል። በዚያው ሰዓት በጀርባዋ የታዘለው ወይም ቀሚሷን ይዞ የቆመው ልጅ ያንኑ አየር ይተነፍሳል። ምርጥ ምድጃ፣ ጢስ ማውጫ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ማግኘት ለሁሉም ቤት የሚቻል አይደለም። ልጁን በመጋገሪያው ሰዓት ደጅ የሚይዝ ሰው ማግኘት ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

በከተማ ደግሞ የቀለሙ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ገድባለች። አሮጌው ቀለም ግን በበርና በመስኮት ላይ እንዳለ ነው። አደጋው የሚከፋው አዲሱ ሲቀባ ሳይሆን አሮጌው በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ነው። አቧራው ወለሉ ላይ ያርፋል፤ በወለሉ ላይ የሚድኸው ልጅ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው መጠን ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል። የእናቲቱ አጥንት ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ እርሳስም በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ይለቀቃል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም የሚፋቅበት ቤት ነፍሰ ጡርም ሕፃንም ሊገኝበት አይገባም። (ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለእርጉዝ እንደማይመከሩ ደጋግመን የተናገርነው ስለሆነ አልመለስበትም።)

ጡት ስለ ማስጣል ግን ትንሽ ልቆይ። እናት መፀነሷን እንዳወቀች ታላቁን ልጅ በአንድ ጊዜ ከጡት መለየት በብዙ አካባቢ የተለመደ ነው፤ የእርጉዝ ወተት ልጁን ያሳምመዋል ተብሎ ይታመናልና። ጡት ላይ እሬት ይቀባል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ነገሩ ያበቃል። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ሲሠሩ እብጠትና የቆዳ መላላጥ ያለበትን የሕፃናት ሕመም መዝግበው ነበር። ሕመሙን የአካባቢው ሰዎች በጋ ቋንቋ በሚጠሩበት ስም ጠሩት፤ ኳሺዮርኮር። ትርጉሙም ተከታዩ ሲወለድ ከቦታው የተነሣውን ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የጋ እናቶች የሁለት ልጆችን መቀራረብና የታላቁን መታመም በአንድ ቃል አስረውት ነበር። ልጁን የሚያሳምመው የእርጉዝዋ ወተት ሳይሆን ወተቱ ሲቋረጥ ተመጣጣኝ ምግብ አለመተካቱ ነው። ጤናማ እርግዝና ላይ ያለች፣ በቂ ምግብ የምታገኝ እናት ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች። ማስጣል ከፈለገችም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በጥራጥሬ ገንፎ እየተካች ታስጥለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ልደት በኋላ ቀጣዩ ፅንስ ቢያንስ 24 ወራት እንዲጠብቅ የሚመክርበት አንዱ ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቱ ልሻገር። ለነፍሰ ጡር የምንሰጠው ምርቃት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚል ነው፤ ፍርሃቱን ምርቃቱ ራሱ ያውቀዋል። ይህን ፍርሃት እንደ ሴቶች ወግ አድርጎ ማለፍ ግን ሳይንሳዊ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከ1,000 በላይ እናቶችን ከእርግዝና ጀምሮ የተከታተለ ጥናት፣ በእርግዝና ወቅት የጭንቀትና የድብርት ምልክት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው የመራዘምና ጡት ማጥባት የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር ግን ግንኙነት አልተገኘም። ይህን የምጠቅሰው ሥጋትን በሌላ ሥጋት እንዳናባብስ ነው። የተጨነቀች እናት ጭንቀቷ ልጇን እንደሚያከሳው ነግረን ማሰናበት የለብንም። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ እነዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው።

መሄዱ ነው እንግዲህ ጥያቄው። በጉራጌ፣ በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮች ከመውለጃቸው በፊት መጥተው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ አለው። የ22 ዓመት መዝገቡ ሲመረመር፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 ሕያው ልደት ወደ 90 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከከፋባቸው በኋላ የደረሱ ናቸው። ያም ሆኖ ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀደም ብላ የደረሰች ሴት ቤቷ ሳለች አትከፋባትም። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ማቆያዎች አሉ። የማይገቡባቸው እናቶች ሲጠየቁ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ከሀገር ሀገር አይለይም፤ ልጆቼን ለማን ልተው? ማቆያውን የገነባነው ብቻዋን ለቆመችው ነፍሰ ጡር ነው።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይፈቅዳል፤ ለአባት 3 ቀን። በሦስት ቀን ውስጥ አባት ለአራሷ ገንፎ አድርሶ ይሆናል፤ እናቱን ለተነጠቀ ለሚመስለው የሁለት ዓመት ልጅ ግን ገና መላመጃም አይሆንም። ደመወዝ ለማታገኘው የገጠር እናት ደግሞ አዋጁ ጭራሽ አይደርስም። እዚያ ያለው ሕግ የአማትና የጎረቤት ፈቃድ ነው።

ለኅብረተሰብ ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች በመውለጃ ዝግጅት ውይይት የምትጠይቋቸውን ታውቃላችሁ፤ የት ትወልጃለሽ፣ መጓጓዣው ምንድን ነው፣ ገንዘቡስ፣ ደም የሚለግስ አለ ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት የዝግጅት ዝርዝር ቤቱንና ሌሎቹን ልጆች የሚጠብቅ ሰውንም ይጨምራል፤ በውይይት ላይ በቀላሉ የሚዘለለው እሱ ነው። ጥያቄውን ለእናቲቱ ብቻ አታቅርቡ። ባሏ ወይም አማቷ ባሉበት፣ ገና በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ጠይቁ። የአንድ ሰው ስም አይበቃም፤ ያ ሰው ባይገኝ የሚተካም ይጠራ። ልጁም ከወሊዱ በፊት አንድ ሁለት ሌሊት እዚያ ሰው ዘንድ አድሮ ይልመድ፤ ምጥ በእኩለ ሌሊት ሲመጣ እናቲቱ የልጁን ለቅሶ ለማብረድ ስትል እስኪነጋ እንዳትጠብቅ።