እቴጌ እሌኒ

እቴጌ እሌኒ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል መጀመሪያ ዓመታት ድረስ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ከፍተኛ ተሰሚነት የነበራቸው ንግሥት፣ የሃይማኖት ድርሰት ጸሐፊና የሕፃን ንጉሥ ሞግዚት ነበሩ። የተወለዱት ከሐድያ ሙስሊም ገዥ ቤት ሲሆን ክርስትናን የተቀበሉት በጋብቻ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲገቡ ነው። ከአዳል ሱልጣኔት ጋር ከመዋጋት ይልቅ በሰላምና በንግድ መኖር ይሻላል የሚለውን ወገን በመምራታቸው ይታወቃሉ። ያረፉት በ1522 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ጋብቻ

አባታቸው ሙሐመድ የሐድያ ገራድ ነበር። «ገራድ» በሐድያ የገዥ ማዕረግ ነው። ሐድያ በዚያን ጊዜ ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚገብር፣ ነገር ግን በራሱ ሙስሊም ገዦች የሚተዳደር ሰፊ አገር ነበር። የገራዱን ልጅ ለንጉሡ መዳር የግብሩና የታማኝነቱ አንድ ማሰሪያ ነበር። ባላቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ነበሩ የሚለው አስተያየት የተለመደው ነው፤ የዐፄ በእደ ማርያም ሚስት ነበሩ የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ። የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ንጉሡ እሌኒን እጅግ ያከብሯቸው እንደነበር፣ እሳቸውም በመጻሕፍት እውቀትም ሆነ በቤተ መንግሥት ሥርዓት የተካኑ እንደነበሩ ይናገራል። የንጉሡ እናት በዘርዐ ያዕቆብ ቅጣት ምክንያት ስለ ሞቱ እሌኒ የእናትን ቦታ ሳይወስዱ አልቀሩም።

ያ ዘመን በሃይማኖት ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ዘርዐ ያዕቆብ በአንድ በኩል በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ክርክር ፈትተው የኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስታርቀዋል። በሌላ በኩል ጣዖት አምልካችኋል እየተባሉ የተከሰሱ ሰዎችን፣ የገዛ ልጆቻቸውን ጭምር፣ በጽኑ ቀጥተዋል። ከሙስሊም ቤት መጥታ የተጠመቀች ወጣት ሚስት በእንዲህ ያለ ቤተ መንግሥት ውስጥ በየቀኑ በጥርጣሬ ዓይን ልትታይ ትችል ነበር። እሌኒ ግን ከዚያ ዘመን አልፈው ከአምስት ያላነሱ ነገሥታትን አይተዋል።

የሰላም ወገን

ከአዳል ጋር የነበረው ጦርነት ማንንም አሸናፊ አድርጎ አልጨረሰም። በ1445 ዘርዐ ያዕቆብ ሱልጣን በድላይን ገድለው ድል አደረጉ። በዐፄ እስክንድር ዘመን ደግሞ የክርስቲያኑ ጦር የአዳልን ከተማ ደከርን አቃጥሎ ሲመለስ በመንገድ ላይ ተከብቦ ብዙ ሰው አለቀበት። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው በተራው ይበቀላል፤ ከዚህ የተለየ ውጤት አልታየም።

እሌኒ የተረዱት ይህንን ይመስላል። ከባሕር የሚመጣው ጨርቅ፣ ወደ ባሕር የሚወርደው ወርቅና የዝሆን ጥርስ በዘይላ በኩል ያልፍ ነበር፤ ነጋዴዎቹም በብዛት ሙስሊሞች ናቸው። ከዚህም በላይ ሐድያ፣ ደዋሮ፣ ባሌና ፈጠጋር ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባቸው የንጉሡ ግዛቶች ነበሩ። ስለዚህ «ከአዳል ጋር ሰላም» ሲባል ነገሩ የውጭ ግንኙነት ብቻ አልነበረም፤ በአገር ውስጥ ከሚኖረው ሙስሊም ሕዝብ ጋር እንዴት ይኑር የሚለውም ጥያቄ ነበር። ለእሌኒ ጥያቄው ከዘመዶቻቸው ጋር የሚያያዝ ነበር።

በዐፄ ናዖድ (1494–1508) ዘመን ይህ ወገን ሥልጣን አገኘ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር በአዳልም በኩል ተመሳሳይ ክፍፍል መኖሩ ነው። ሱልጣን ሙሐመድ ኢብን አዝሃር አድ ዲን (1488–1518) ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር በሰላም መኖርን ይመርጡ ነበር። የዘይላው አሚር ማህፉዝ ግን ትእዛዝ አልሰማም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው ማህፉዝ ለ25 ዓመታት ያህል በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወቅት፣ ሰው በጾም ደክሞ ባለበት ጊዜ እየጠበቀ ይወርር ነበር፤ ምርኮኞችንም ወደ ዓረብ አገር ይልክ ነበር። በዚህ በኩል እሌኒ፣ በዚያ በኩል ሱልጣኑ የያዙት ሰላም በየዓመቱ በአንድ ሰው ዘመቻ ይፈተን ነበር።

ደጋፊዎቻቸው እነማን ነበሩ?

ናዖድ በ1508 ሲሞቱ ልጃቸው ልብነ ድንግል ገና የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። አቡነ ማርቆስ ለአልቫሬዝ እንደነገሩት ልጁን ያነገሡት እሳቸውና እሌኒ ናቸው፤ መኳንንቱን በእጃቸው ስለያዙ ከእሱ የሚበልጡትን ወንድሞች ማሳለፍ ችለዋል። ይህ የእሌኒን የኃይል ምንጭ በግልጽ ያሳያል። ጦር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የጳጳሱ ድጋፍ፣ የመኳንንቱ መታዘዝ፣ የጎጃም ርስታቸውና ረጅም ዕድሜ ያስገኘላቸው ክብር ነበር። ከመኳንንቱ ውጪም የሚወዷቸው ብዙ ነበሩ፤ እሌኒ ባረፉ ጊዜ ሰው ጠባቂና አሳዳጊ እንዳጣ ሆኖ ማዘኑን አልቫሬዝ መዝግቧል።

ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ በየዓመቱ ሰው የሚማረክባቸው የጠረፍ ጦር አዛዦችና ዝናን የሚፈልጉ ወጣት መኳንንት ነበሩ። ቅሬታቸው እንዲሁ የሚናቅ አይደለም፤ ልጁ ተማርኮ ለተሸጠበት ሰው «ንግድ ይሻላል» የሚለው ቃል ቀላል አይሆንም።

ወደ ፖርቱጋል የተላከው ደብዳቤ

ሰላም ወዳድ ተብለው የሚጠሩት እሌኒ በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ይዞ እንዲሄድ አደረጉ። ደብዳቤው የጋብቻ ዝምድናንና በቀይ ባሕር በኩል በሚገኙት ሙስሊም ኃይሎች ላይ የጦር ትብብርን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ስንቅ ታቀርባለች፣ ፖርቱጋል መርከብ ታመጣለች የሚል ነው።

ይህን እንደ ግብዝነት የሚቆጥሩ አሉ። ነገር ግን በሁለት ጉዳዮች መካከል ልዩነት መኖሩን ማየት ይገባል። ከአዳል ጋር የሚደረገው የጎረቤት ጉዳይ ነው፤ በድርድር፣ በንግድና በጋብቻ ሊያዝ ይችላል። የባሕሩ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ፖርቱጋሎች ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ከገቡ በኋላ የግብፅ ማምሉኮች መርከብ መሥራት ጀምረው ነበር፤ በ1517 ደግሞ ግብፅን የያዙት የኦቶማን ቱርኮች ከማምሉኮች የበረቱ ነበሩ። ኢትዮጵያ መርከብ አልነበራትም። እሌኒ በጎረቤት ሰላም አምነው፣ ሰላሙ ቢፈርስ ግን ባዶ እጃቸውን ላለመገኘት የፈለጉ ይመስላሉ።

ማቴዎስ በሕንድ ፖርቱጋሎች ዘንድ እንደ አታላይ ተጠርጥሮ ተንገላታ፤ ሊዝቦን የደረሰው በ1514 ነው። መልሱን ይዞ የመጣው በዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው ልዑክ ምፅዋ የደረሰው በ1520 ሲሆን ማቴዎስ በደረሱ ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልብነ ድንግል በበኩላቸው «እኔ አልላክሁትም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ የላኩት እሌኒ ነበሩ።

እምነታቸው

እሌኒ በሃይማኖት ትምህርት የታወቁ ነበሩ። ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት እንደ ደረሱ በ16ኛው መቶ ዘመን የነበሩ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ እንዚራ ስብሐት የተባለው አንዱ ነው። ጠንካራ ኦርቶዶክሳዊ እምነታቸውና ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ለመኖር ያላቸው ፈቃድ በአንድ ሰው ውስጥ ተገኝተዋል። ስለ መቻቻል የጻፉት ነገር ስለሌለ ምክንያታቸውን ከሥራቸው ብቻ ማንበብ ያስፈልጋል። እምነታቸው ለስላሳ ስለ ሆነ ታገሡ ማለት አይቻልም፤ የድንግል ማርያምን ክብር የሚያወድስ መጽሐፍ የጻፈ ሰው በእምነቱ አይጠራጠርም። ሊባል የሚችለው፣ ሙስሊሞችን ከልጅነታቸው ያውቋቸው ስለ ነበር እንደ ጠላት ብቻ አላዩአቸውም የሚለው ነው።

የፖሊሲው መፍረስ

በ1517 ገደማ ልብነ ድንግል ለማህፉዝ ወረራ ራሳቸው ዘምተው መልስ ሰጡ። ገብረ እንድርያስ የተባለ መነኩሴ ከማህፉዝ ጋር ለብቻ ገጥሞ ገደለው። በዚያው ጊዜ የፖርቱጋል መርከቦች ዘይላን አቃጠሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሰላም ወዳዱ ሱልጣን ሙሐመድ ተገደሉ። ያ ድል ለእሌኒ ወገን ትልቅ ኪሳራ ነበር፤ ወጣቱ ንጉሥ ድርድር አያስፈልግም ብለው አመኑ።

የጋብቻው ፖሊሲም አብሮ ወደቀ። አልቫሬዝ እንደሚለው ልብነ ድንግል ከሐድያ ገዥ ቤት የመጣችላቸውን ሙሽራ የፊት ጥርሷ ትልልቅ ነው ብለው አልቀበልም አሉ፤ ተጠምቃ ለአንድ መኰንን ተዳረች። እሌኒ በገቡበት በር ሌላ እሌኒ ሳትገባ ቀረች።

ከሞታቸው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1529፣ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ የንጉሡን ጦር ድል አደረጉ። ልብነ ድንግል በ1540 በደብረ ዳሞ በስደት ሞቱ። በ1541 ምፅዋ የደረሱት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ከሠላሳ ዓመት በፊት የተላከው ደብዳቤ የዘገየ ፍሬ ነበሩ ማለት ይቻላል። ኢማም አሕመድ በ1543 በወይና ደጋ ተገደሉ። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያውን የዕርቅ ሥራ የሠሩት ደግሞ ሁለት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ናቸው፤ የልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌልና የኢማሙ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ። የእያንዳንዳቸው ልጅ በሌላው ወገን እጅ ተማርኮ ነበርና በልውውጥ አስመለሷቸው። ከተመለሱት አንዱ በኋላ ንጉሥ የሆኑት ዐፄ ሚናስ ናቸው።

ጎጃምና መርጡለ ማርያም

የእሌኒ ርስት በጎጃም ነበር። ሆኖም የዚያን ጊዜው ጎጃም ከዛሬው ጋር አንድ አይደለም። የንጉሡ ሥልጣን የጠነከረው በምሥራቁ፣ በዓባይ መታጠፊያ በኩል ነው። እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበት የምዕራቡ ደጋ የአገው አገር ሲሆን፣ ነገሥታቱ ወደዚያ ዘልቀው መዝመት ያዘወተሩት ከእሌኒ በኋላ፣ በተለይም በዐፄ ሠርፀ ድንግልና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። በዚህም የተነሣ የእሌኒ ስም በዛሬው አዊ ዞን ሳይሆን በእነብሴ በኩል ይሰማል።

በዚያ፣ በዛሬው ምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያምን አሠሩ። የአካባቢው ትውፊት ቦታውን ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፤ የእሌኒ ሕንፃ ግን በወርቅ ጌጡ ለውጭ ሰዎች ሳይቀር የተወራለት ነበር። በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በፍርስራሹ ላይ እንደገና ሠሩበት፤ ያም ፈረሰ። ዛሬ በገዳሙ ግቢ የሚታዩት ቅርጽ የተቀረጸባቸው የድንጋይ ግድግዳዎች የዚያ ሕንፃ ቅሪት ናቸው።