ጸናጽሉ የት ሄደ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በገና ማግስት፣ ላሊበላ ውስጥ አንድ የአቋቋም መምህር ዘንድ ቁጭ ብዬ በስልኬ የቀዳሁትን ዜማ አሰማኋቸው። ሌሊቱን በላስታ ብርድ ቆሜ የቀዳሁት ስለነበር ኩራት ኩራት ብሎኛል። የኔታ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አዳመጡና መለሱልኝ።

«ድምፁስ ደግ ነው ልጄ። ጸናጽሉ የት ሄደ?»

«አለ እኮ የኔታ፤ ከኋላ ይሰማል።»

«ይኼ ነው ጸናጽል? እኔ እኮ ጓሮ ሆኖ ጤፍ የሚያበጥር ሰው መስሎኝ።»

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወደ ማረፊያዬ ተመልሼ ቅጂውን እንደገና ስሰማው እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የዜማ ቅጂ በእጄ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው ጸናጽሉን ነው።

ፈረንጆች የሙዚቃ ቅጂ መገምገምን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ቆይተዋል። «ግራሞፎን» የተባለው የእንግሊዞች መጽሔት ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱን ድርሰት ማን እንዴት እንደተጫወተው እያነጻጸረ ሲጽፍ ኖሯል። ገምጋሚው ኖታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያዳምጣል። ግሌን ጉልድ የሚባለው ካናዳዊ ፒያኖ ተጫዋች የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» በ1955 ሲቀዳ 38 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት፤ ያንኑ ድርሰት በ1981 እንደገና ሲቀዳው 51 ደቂቃ ሆነ። ሰውየው አንድ፣ ኖታው አንድ፤ ስለ ልዩነቱ ግን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ዘንድ አንዱ ወረብ በየደብሩ፣ በየዓመቱ፣ በመቶ ስልክ ይቀዳል፤ ግምገማችንም «ደስ ይላል» ወይም «ነፍስ ያለመልማል» ከማለት አያልፍም። ነፍስ ማለምለሙን አልክድም። ግን የትኛው ቅጂ? ለምን?

መሠረታዊውን ነገር የማያውቅ አንባቢ ያለ ስለማይመስለኝ በአንድ ትንፋሽ ልለፈው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ስልቶች፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ማኅሌቱ ሲቆም በቁም ዜማ ይጀመራል፤ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ይመረገዳል፣ ከበሮው ፈጠን ሲል ይጸፋል፣ ወረቡ ይወረባል። ስለዚህ አንድ ቅጂ «ቀርፋፋ ነው» ከማለትህ በፊት ቁም ይሁን መረግድ ጠይቅ። በቁም ዜማ ላይ ከበሮ አልሰማሁም ብሎ የሚያማርር ሰው አጋጥሞኛል፤ በጾም ቤት ሥጋ አጣሁ እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጸናጽሉ።

ጸናጽል ሲያዩት ቀላል ነገር ነው፦ እጀታ፣ ከላዩ የቆመ ክፈፍ፣ በክፈፉ መካከል የተጋደሙ ቀጫጭን ዘንጎች፣ በዘንጎቹ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተቱ ስስ የብረት ክቦች። ድምፁ ግን ለቀረጻ ከሁሉ ይከብዳል። የሰው ድምፅና ከበሮ አብዛኛውን ጉልበታቸውን ከታችና ከመካከል ይዘዋል። የጸናጽል ጉልበት ያለው ከላይ፣ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው፤ ሰው በዕድሜ ሲገፋ አስቀድሞ መስማት በሚያቆምበት፣ መሣሪያም አስቀድሞ በሚጥልበት ቦታ። የድሮ የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርትዝ ያለውን ብቻ ያሳልፍ ነበር። ለንግግር ይበቃል። ለጸናጽል ግን ጸናጽልን ቤት ትቶ ማኅሌት እንደ መሄድ ነው።

የዛሬው ስልክ ከዚያ የሰፋ ይቀዳል፤ ግን ሌላ ጣጣ አለበት። የተሠራው የሰውን ንግግር አጥርቶ ለማሳለፍ ስለሆነ ነፋሱን፣ የመኪናውን ጩኸት፣ የዝናቡን ሹሹታ «ይህ አያስፈልግም» እያለ ይቀንሳል። ሃምሳ ጸናጽል በአንድነት ሲንሿሿ በማጣሪያው ጆሮ ከዝናብ በምን ይለያል? በምንም። ስለዚህ ይውጠዋል። የተረፈውን የየኔታ ጤፍ አበጣሪ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ ማድረጉ ነው። ከበሮው ሲመታ ስልኩ ይደነግጥና ሁሉን ነገር ዝቅ ያደርጋል፤ ከምቱ በኋላ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ዜማው ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል። አንዳንድ ሰው ይህንን የከበሮው ኃይል ነው ብሎ ያደንቃል። የስልኩ ድንጋጤ ነው።

ሦስተኛው መጭመቅ ነው። ኤምፒስሪና መሰሎቹ ጆሮ አያስተውለውም ያሉትን እየጣሉ ፋይሉን ያሳንሳሉ፤ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ሺህ ኸርትዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ። ግን ከፌስቡክ ወርዶ፣ በቴሌግራም ተልኮ፣ ተቆርጦ፣ ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ እንደገና ሲጫን በየደረጃው ይታጠባል፤ በመጨረሻ ጸናጽሉ ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ይመስላል። በካሴቱ ዘመንም እንዲህ ነበር፤ ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል፣ የክሩ ሹሹታ ይበዛል። መብራት ባልገባበት አገር ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ነበርና ሌላም መዘዝ ነበረው፦ ድንጋዩ ሲያልቅ ክሩ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወፍራል። የድንጋይ ድካም ያረዘመውን አራራይ «እንዴት ያለ ዕዝል ነው!» ብሎ ያደነቀ ዘመድ አለኝ። ስሙን አልናገርም፤ ዛሬ ቄስ ነው።

«ጸናጽሉ ቢጠፋ ምን ይጎድላል? ድምፁ ካለ ዜማው አለ» የሚለኝ ብዙ ነው። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በሁለት የከበሮ ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚይዘው ጸናጽሉ ነው። እጅ ወደ ላይ ሲነሣና ወደ ታች ሲመለስ ድምፁ አንድ አይደለም፤ ይህንን የለመደ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን እንቅስቃሴው የት እንደደረሰ ያውቃል። ጸናጽሉ ሲጠፋ ግን ዜማው በየምቱ መካከል የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ የውጭ አድማጮችም ብዙዎቹ «ነጻና ምት የለሽ» ብለው ይጽፉለታል። ምቱን የበላው ማይክሮፎኑ ነው። ደግሞ ሃምሳ እጅ በአንዲት ቅጽበት አይወርድም፤ በመካከላቸው ያለችው ጥቂት መንጠባጠብ የሰልፉን ስፋት ትነግርሃለች። በደህና ቅጂ ቀኝና ግራ ቆመው የሚቀባበሉትን ለይተህ ትሰማለህ። የቀኝ ጌታና የግራ ጌታ ሥርዓት ስቴሪዮ የሚባለውን ነገር ፈረንጅ ከማሰቡ በፊት ሠርቶ አስቀምጦታል። ያንን በአንድ ማይክሮፎን ጠፍጥፎ መቅዳት ሁለቱን ወገን አንዱ በሌላው ጫንቃ ላይ ማቆም ነው።

የላሊበላው ቤዛ ኩሉ ደግሞ ከቀኝና ግራ አልፎ ላይና ታች አለው። ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ በ28) ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ማርያም ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከፊሎቹ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ለብሰው ይሰለፋሉ፣ ከፊሎቹ ከታች በተፈለፈለው ግቢ ይቆማሉ። ከላይ ሲወረድ ከታች ይመለሳል። መጀመሪያ የቀዳሁት ከጠርዙ ላይ፣ ከካህናቱ ጀርባ ቆሜ ነበር፤ የላዩ ወገን ጆሮ ሲበሳ የታቹ ከጉድጓድ የሚጣራ ሰው ሆነ። በሌላ ዓመት ከታች ገባሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የታቹ ድምፅ በየአቅጣጫው በዓለት ተከብቧል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 10 ሜትር ርቆ ከቆመ ግድግዳ ነጥሮ ለመመለስ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥራ ሰባተኛ ያህል ቢፈጅበት ነው። ያ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ዜማ እንደ ማሚቶ አይሰማም፤ ድምፁን ያወፍረዋል እንጂ። የላዩ ወገን ግን በክፍት ሰማይ ሥር ስለሆነ ድምፁ ደረቅና ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ በጥሩ ቅጂ ላይ ታችና ላይን የምትለየው በመጠኑ ሳይሆን በውፍረቱ ነው። ስቱዲዮ ወስደው «ድምቀት እንጨምርበት» ብለው ኤኮ የሚያፈሱበት ሰዎች ይህንን ልዩነት ነው የሚደመስሱት። ዓለቱ የሰጠውን ልክ ሽረው ሁለቱንም ወገን አንድ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይከቷቸዋል። ኪቦርድ ስለሚጨምሩበት አልናገርም፤ ጾም ላይ ነኝ።

ቅጂው ካለፈልህ ወደ አፈጻጸሙ ትገባለህ። እዚህ ላይ የምመክረው ድጓ ይዞ ማዳመጥ ነው። ከመስመሩ በላይ ያሉት ደቃቅ ፊደላትና ምልክቶች፣ ድፋቱ፣ ሒደቱ፣ ቅናቱ፣ ይዘቱ፣ ቁርጡ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ደረቱ፣ ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ስማቸው ይነሣል። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ባሳተሙት ሥራ ከድጓው ምልክት ጋር የሊቃውንቱን ዜማ አመሳክረዋል። እኛ ደግሞ አጠገባችን መሪጌታ እያለ አንጠይቅም።

አደራ ግን፣ በራስህ ቤት ልክ የሌላውን ቤት «ተሳስቷል» አትበል። የቤተልሔም ድጓ የቤተልሔም ነው፣ የአጫብር የአጫብር። በአቋቋሙ ደግሞ የጎንደሩና የተክሌው አካሄድ ይለያያል። ተክሌ የተባለው በልጃቸው ስም ሆነ እንጂ መንገዱን የቀየሱት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው ይባላል፤ አገሩ ሁሉ ቀልዳቸውን ብቻ ይዞ ዜማቸውን መርሳቱ ያሳዝነኛል።

ለጆሮ መለማመጃ የሚሆን የታተመ ቅጂ አለ። በለንደን የሆርኒማን ሙዚየም ባልደረባ የነበሩት ጂን ጄንኪንስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን እየዞሩ ከቀዱት ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሸክላ ወጥቷል። በበገና በኩል የዓለሙ አጋ ቅጂ፣ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛው፣ አለ፤ የአሥሩ አውታር ዝዝታ ሳይታጠብ የተቀመጠበት በመሆኑ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራ የያዘው ደግሞ 21ኛው ሲሆን በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። ብዙ ፈረንጅ ገምጋሚ እማሆይን ከጃዝና ከብሉዝ ጋር ያዛምዳቸዋል። እሳቸው ግን እዚሁ ወሎ፣ ግሸን ማርያም፣ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው የኖሩ፣ በኋላም ጎንደር ላይ የያሬድን ዜማ የተማሩ መነኩሲት ነበሩ። ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ የታሰበውም ለችግረኞች ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን የዜማ ተማሪዎች አይተው አዝነው ነበርና።

ዘንድሮ ላሊበላ የምትወርዱ ቀጂዎች፣ ልለምናችሁ። በካህናቱና በምእመኑ መካከል ስልክ አትዘርጉ። ትንሽዬ የድምፅ መቅጃ ካላችሁ ለላዩም ለታቹም በእኩል ርቀት ቁሙ፤ ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ አጥፉና መጠኑን በከበሮው ልክ አስቀድማችሁ ዝቅ አድርጉት። ሳሉን፣ እልልታውን፣ የሕፃኑን ለቅሶ አትቁረጡ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት። ከፋይሉ ስም ላይ ደብሩን፣ ዕለቱን፣ የመሩትን መምህር ቤት ጻፉ፤ «ቪዲዮ 0047» ብሎ ነገር የለም። ዋናውን ቅጂ ከማንም እጅ ሳይገባ አንድ ቦታ አኑሩት፤ ከመጫናችሁ በፊትም ወደ አንድ የኔታ ሄዳችሁ አሰሟቸው።