ስለ ኒኮቲን ፈሳሽ ብርታትና መቅጠን

ባለፈው ክረምት ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጎንደር የመጣ የእኅቴ ልጅ፥ ቬፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሲጋራና የሚሞላባቸውን ሁለት ብልቃጥ ፈሳሾች ከጠረጴዛችን ላይ አኖረ። ሽታቸው የማንጎ ነው። ባንደኛው ላይ «20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር»፥ በሁለተኛው ላይ «2 በመቶ» ተብሎ ተጽፏል፤ ባለቤቴም ሁለተኛው ቀላሉ መስሏት ነበር። ነገር ግን በ100 ሚሊ ሊትር 2 ግራም ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ማለት ነውና፥ ብርታታቸው አንድ ነው።

ወጣቱም፥ «እኔስ ኒኮቲን በሌለው ፈሳሽ እኩል አቅጥኜ ነው የማጨሰው» አለ። እናቴ ይህን ሰምተው፥ «ልጄ፥ ውኃ የተጨመረበት ጠላ ቀጠነ እንጂ ጌሾው የት ሄደ?» አሉት። እኔ የሒሳብ መምህር ሆኜ ከዚህ የተሻለ ባላስረዳሁት። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ 200 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይዟል፤ ሌላ 10 ሚሊ ሊትር ቢጨመርበት ብርታቱ ከ20 ወደ 10 ይወርዳል፥ 200ው ግን እንዳለ ነው። አጫሹም የለመደውን ያህል እስኪያገኝ ድረስ አዘውትሮ ይስባል።

የአውሮፓ ኅብረት እስከ 20 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል። በአገራችን ግን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕቃውን ማስገባትንም መሸጥንም ከልክሏል፤ ሆኖም በእንግዳ ሻንጣ መግባቱ አልቀረም።

ኒኮቲን በቆዳም ያልፋል። ሕፃን ቢጠጣው ያስመልሰዋል፥ ይገረጣል፥ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂቱም ለሞት ሊያደርሰው ስለሚችል፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ያን ማታ ብልቃጦቹን በሣጥን ቆለፍንባቸው። በማግሥቱም የሦስት ዓመቷ ልጃችን፥ «ማንጎው የት አለ?» ብላ ጠየቀች።