ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ፦ ፍሬን የሚፈተንበት ቁልቁለት

አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ነው። ዛሬ እህል የጫነ አይሱዙ ያንን የሚያህል ክብደት ይዞ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ይወርዳል፤ የሚይዘውም የአንድ ሾፌር እግር ነው። እኔ መካኒክ ነኝ፤ እድሜዬን ታምቡር ስከፍት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ነገር ያሳስበኛል።

ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ብረት ነው። በውስጡ የፍሬን ሸራ የተለበጡ ሁለት ጎባጣ ብረቶች አሉ። ፔዳል ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ሸራው የታምቡሩን ውስጥ ይፈትጋል። እግር ሲነሣ ሞላው ይሰበስባቸዋል። ትልቁ ብልሃት የፊተኛው ሸራ ላይ ነው፤ አንዴ ከነካ፣ የሚዞረው ታምቡር ራሱ እየሳበ ያጠብቀዋል። ትንሽ የእግር ኃይል ብዙ ጭነት የሚያቆመው ለዚህ ነው።

ፍሬን ግን የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፣ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። 7 ቶን ያን ሁሉ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ150 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን አየሩና መንገዱ ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይሸከማል። ታምቡር ዝግ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣለትም። ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም መያዝ ያቅተዋል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ስለዚህ ሾፌር ወንድሞቼ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገቡ፤ ሞተሩ ይያዝላችሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ አትውረዱ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ እግር ፍሬን ነው፤ የእጅ ፍሬን ግን የሚሠራው በዘይት ሳይሆን በሽቦ ገመድ ነው። ማንሻው ሲሳብ ገመዱ ታምቡር ውስጥ ያለችውን ዘንግ ይጎትታል፤ እሷም ሸራዎቹን ትገፋለች። ከማንሻው ሥር ያለው ጥርስ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ዘይት ቢፈስ እንኳ መኪናው አይንሸራተትም። በብዙ መለስተኛ የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬኑ ታምቡር ለብቻው ከካምቢዮው ጀርባ ይገኛል። ሥራው የቆመን መያዝ ነው፤ የሚሮጥን ለማቆም አልተሠራም። ገመዱም በጊዜ ብዛት ይላላል። ማንሻው ከወትሮው ከፍ ብሎ ከመጣ ጋራዥ ገብቶ ይጠበቅ።

ተዳፋት ላይ ስታቆሙ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ረዳቶችም ስትነሡ የታኮውን ድንጋይ ከአስፋልቱ አንሡ። ጉም በሸፈነው የጉና ተራራ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይገለብጣል።