የቡናማ ስኳርና የለውዝ ከረሜላ አሠራር

በአሜሪካ ፔኑቺ የሚባለውን ከረሜላ በቤታችሁ ለመሥራት 2 ኩባያ ቡናማ ስኳር በሦስት አራተኛ ኩባያ ወተት አሟሙታችሁ አፍሉ። በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው «115 ዲግሪ እስኪደርስ ይፍላ» ተብሎ የሚጻፈው መመሪያ ግን ለአዲስ አበባ አይስማማም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላባታል። ስለዚህ 8 ዲግሪ ቀንሳችሁ በ107 አውርዱት፤ አለዚያ ስኳሩ ደርቆ ገንዘባችሁም ድካማችሁም ከንቱ ይቀራል። ቴርሞሜትር የሌላችሁ እንደ ሆነ፣ ጠብታው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለስላሳ እንክብል ሲሆን ደርሷል። 2 የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ ጣል አድርጋችሁ፣ ሳትነኩት ለብ እስኪል ተዉት፤ በትኩሱ ቢማሰል እንደ አሸዋ ይሻክራልና። ከዚያም ወዙ እስኪጠፋ አማስላችሁ 1 ኩባያ የተቆላ ለውዝ ጨምሩበት፤ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጣችሁ ሲረጋ ቍረጡት።