ለክራር አውታር ሲመረጥ፦ ክብደት፣ ውጥረትና ቅኝት

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች በአንድ ክራር ላይ የሚሰሙት አውታሮቹ እየጠበቁና እየላሉ ነው። ከእነዚህም ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ጋር ይጋራሉ። የቀድሞው የአንጀት አውታር በናይለን ወይም በብረት ሽቦ ሲተካ ግን የቅኝቱ ምቹነትና የመሣሪያው ዕድሜ በምርጫው ላይ ይወድቃሉ። ውፍረትን ብቻ አይቶ መምረጥ ለሁለቱም በቂ አይደለም።

የአውታር ድምፅ ከፍታ በርዝመት፣ በውጥረትና በአንድ ሜትር በሚለካ ክብደት ይወሰናል። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ወይም ውጥረቱ አራት እጥፍ ሲሆን የንዝረቱ ድግግሞሽ በእጥፍ ይጨምራል፤ ክብደቱ አራት እጥፍ ሲሆን ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። የአንጀት እፍጋት በኩቢክ ሴንቲሜትር 1.3 ግራም፣ የናይለን 1.14፣ የብረት 7.8 ገደማ ነው። ስለዚህ እኩል ውፍረት ያለው ብረት በአንጀት ፈንታ ቢወጠር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት ስድስት እጥፍ ውጥረት ይፈልጋል። ይህን ጭነት የሚሸከሙት ቆዳው፣ ምሰሶዎቹና ቀምበሩ ናቸው። ውጥረቱ ባለበት እንዲቆይ ከተፈለገ የ0.8 ሚሊሜትር አንጀት ምትክ 0.33 ሚሊሜትር ብረት ወይም 0.85 ሚሊሜትር ናይለን ይሆናል።

ሁለተኛው መመዘኛ ቅኝት ነው። ከሙሉ ትዝታ ወደ ትዝታ ግማሽ ሲታለፍ ሦስተኛውና ስድስተኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፤ የሁለቱ አውታሮች ውጥረትም በ11 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ብረት እምብዛም ስለማይለጠጥ በመቃኛው ላይ የሚደረግ ጥቂት መዞር ድምፁን ብዙ ይለውጠዋል። ናይለንና አንጀት ግን ይለጠጣሉ፤ ቅኝቱን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ይቀልባቸዋል። በዝግጅት መካከል ቅኝት ለሚለውጥ ተጫዋች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ወፍራም ድምፅ ነው። በገና የዝቅተኛ ድምፁን ጥልቀት በከፊል የሚያገኘው ከረጃጅም አሥር የአንጀት አውታሮቹ ነው። በዘመናዊ የባህል ሙዚቃ ቡድኖች የሚያገለግለው ባስ ክራር ግን ያን ያህል ርዝመት ስለሌለው በክብደት ማካካስ ይኖርበታል። በተመሳሳይ ርዝመትና ውጥረት አንድ ኦክታቭ ለመውረድ የናይለኑ ውፍረት እጥፍ መሆን አለበት። ወፍራም ናይለን ግን ግትር ስለሚሆን ድምፁ ይደፈናል፣ ንዑሳን ድምፆቹም ከትክክለኛ ቦታቸው ከፍ ይላሉ። መፍትሔው በባስ ጊታር የተለመደው ነው፤ በቀጭን እምብርት ላይ የብረት ሽቦ የተጠቀለለበት አውታር ክብደትን ሲጨምር ተጣጣፊነትን ብዙም አይቀንስም። ውጥረትን ማላላትም ድምፁን ያወርዳል፤ ሆኖም የላላ አውታር ቆዳውን በደካማው ይመታል፣ ጠንክሮ ሲገረፍም ድምፁ ለቅጽበት ከፍ ይላል።

ድምፅ ማጉያ ሲታከልም ምርጫው ይለወጣል። መግነጢሳዊ ድምፅ ተቀባይ የሚሠራው በብረት አውታር ብቻ ሲሆን፣ ናይለንና አንጀት ንዝረትን ከበርኩማው ሥር የሚቀበል መሣሪያ ይፈልጋሉ።

እንደ አጅባርና መካነ ሰላም ባሉ ደጋ ቦታዎች የክረምት እርጥበት ቆዳውን ስለሚያላላና የአንጀት አውታርንም ስለሚነካ መሣሪያው ቶሎ ቶሎ መቃኘት ያሻዋል። ስለዚህ መራጩ መጀመሪያ ቆዳውና ቀምበሩ የሚሸከሙትን ውጥረት፣ ቀጥሎ የሚፈልገውን ዝቅተኛ ድምፅ፣ በመጨረሻም የሚለዋውጣቸውን ቅኝቶች ሊወስን ይገባል፤ ውፍረቱ ከእነዚህ ሦስቱ የሚወጣ ውጤት ነው።